የእሳት አደጋ ሬዲዮ አጠቃቀም፦ ከሽፍት ርክክብ እስከ ጣቢያ መልስ

አዲስ አበባ ላይ 939 ተደውሎ መኪናው ከጣቢያ ከወጣ በኋላ ጥሪ የሚቀበለውና ቡድን የሚልከው ማዕከል ስለዚያ ቡድን የሚያውቀው በአብዛኛው በሬዲዮ የተነገረውን ነው። ደርሰዋል? ውኃ አላቸው? ሌላ ጥሪ መቀበል ይችላሉ? ይህ ሳይነገር ሲቀር ቅርብ ያለው ነፃ ቡድን ቁጭ ብሎ ሩቅ ያለው ይላካል። ባዶ ቦቴም ወደ እሳት ይታዘዛል።

ስህተቶቹ ሁሌም ያው ናቸው። ቁልፉን ከመጫን እኩል መናገር መጀመር፣ «ደርሰናል» ማለትን መርሳት፣ ሁሉንም በ«እሺ» መዝጋት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለአዲስ ገቢም ለነባርም ይሆናል። መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ የጥሪ ስምና ኮድ ካለው ግን እሱ ይቀድማል። የዚህን መመሪያ አሠራር በዚያ ላይ አስኪዱት።

ደረጃ 1፦ ሽፍት ስትረከቡ

1. ባትሪውን አረጋግጡ። የቻርጀሩን አረንጓዴ መብራት ብቻ አትመኑ። ያረጀ ባትሪም አረንጓዴ ያበራል፤ ግን የሚይዘው ኃይል ትንሽ ነው። ሬዲዮ ሲናገር ከሚያዳምጥበት ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚበላ ያ ባትሪ ወሬ ሲበዛ፣ ማለትም እሳቱ ላይ፣ ይወድቃል። ሥራ የጀመረበትን ወርና ዓመት በማርከር ጻፉበት። ትርፍ ባትሪ መኪናው ውስጥ ይኑር።

2. አንቴናውን በእጅ አጥብቁ። ሬዲዮውን በአንቴናው ይዞ ማንጠልጠል ክልክል ነው። ውስጡ ከላላ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ድምፁ ግን ሩቅ አይሄድም።

3. ጓንት አድርጋችሁ ቻናል ቀይሩ። የቻናሉ ማዞሪያ መጨረሻ ላይ የሚቆም ከሆነ እስከ መጀመሪያው መልሱት፤ ከዚያ ቀጭ ቀጭ እያለ ቁጠሩ። በጭስ ውስጥ ስክሪን አታዩም። ጣታችሁ ማወቅ አለበት።

4. ማዕከሉን ጠርታችሁ ፈትሹ። «ይሰማል» ብቻ ከተባላችሁ አትለፉ። «ጥርት ብሎ ይሰማል ወይስ ይቆራረጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ በሚሄደው ቀጥታ ቻናልም እርስ በርስ ሞክሩ።

5. ሬዲዮውን ከኮት ሥር በማንገቻ ያዙ፤ ማይኩ ብቻ በአንገት በኩል ይውጣ። ውጭ የተንጠለጠለ ሬዲዮ ሙቀት ያገኘዋል። ገመዱም በተንጠለጠለ ሽቦ ይያዛል።

*መልስ ከጠፋ፦* መጀመሪያ ቻናሉን፣ ቀጥሎ ድምፅ ማስተካከያውን፣ ከዚያ ባትሪውን እዩ። ወደ ግቢ ወጥታችሁ ድገሙ። አሁንም እምቢ ካለ ቀይሩት። «አንዳንዴ ይሠራል» የሚባል ሬዲዮ ይዛችሁ እሳት ውስጥ አትግቡ።

ደረጃ 2፦ አንድ መልእክት ማስተላለፍ

1. አድምጡ። ሌላ ሰው እየተናገረ ከሆነ ሁለታችሁም አትሰሙም።

2. ቁልፉን ጫኑና አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ሪፒተሩ፣ ማለትም ድምፃችሁን ተቀብሎ ሩቅ የሚያደርሰው መሣሪያ፣ እስኪነሳ ጊዜ ይፈልጋል። ዲጂታል ከሆነ የፍቃድ ድምፁ ጢጥ እስኪል ቆዩ።

3. መጀመሪያ የምትጠሩትን፣ ቀጥሎ ራሳችሁን ስም በሉ። ሰው ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፤ ከማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይሰማል።

4. «ቀጥል» እስኪባል ቆዩ። ከዚያ አንድ ጉዳይ ብቻ ተናገሩ። ከሁለት አረፍተ ነገር በላይ ከሆነ ቆርጣችሁ ልቀቁና እንደገና ጫኑ።

5. ተቀባዩ ፍሬ ነገሩን መልሶ ያንብብ።

እንዲህ (ቦሌ 2 የአንድ ቡድን የጥሪ ስም ነው)፦

— ማዕከል፣ ቦሌ 2።
— ቦሌ 2፣ ማዕከል። ቀጥል።
— ሁለተኛ ቦቴ ይላክልን። በጀርባ በር ይግባ። ተቀበል።
— ሁለተኛ ቦቴ፣ በጀርባ በር። እልካለሁ።

አትጩኹ። ጩኸት ማይኩ ላይ ይፈርሳል። የመተንፈሻ ጭምብል ካደረጋችሁ ማይኩን ከጭምብሉ የድምፅ መውጫ ፊት ለፊት፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ያዙ፤ ዝግ ብላችሁ ተናገሩ። ዲጂታል ሬዲዮ የአየር ማለቂያ ፊሽካን ወይም የፓምፕ ጩኸትን ከድምፃችሁ ለይቶ አያውቅም። ሁለቱን ቀላቅሎ ትርጉም የሌለው ጉርምርምታ ያደርጋቸዋል። ጀርባችሁን ወደ ጩኸቱ አዙሩና ማይኩን በገላችሁ ከልሉ።

በአማርኛ ስንናገር የሚያሳስቱን

የውጭ አገር መመሪያ ተርጉሞ ማሠልጠን ይህን ስለሚዘለው ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

*አሉታ።* የአማርኛ አሉታ የሚጀምረው ከቃሉ ራስ ነው። ቁልፉን ዘግይታችሁ ከተጫናችሁ የሚቆረጠውም ራሱ ነው። «አልወጡም» ያላችሁት «...ወጡም» ሆኖ ይደርሳል። በጭስና በግርግር መሐል ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን «ም» ላይሰማት ይችላል። ስለዚህ የሰው ሕይወት ያለበትን ነገር በአሉታ አትናገሩ። «አልወጡም» በማለት ፈንታ «ውስጥ ቀርተዋል» በሉ። «ውኃ የለንም» ሳይሆን «ውኃ አልቋል»። «አትግቡ» ሳይሆን «ቁሙ፣ ውጭ ቁሙ»።

*ቁጥር።* «ሠላሳ» እና «ስልሳ» በሬዲዮ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ቁጥሩን በየአኃዙ ጥሩ፦ «ሦስት ዜሮ»፣ «ስድስት ዜሮ»። የሰሌዳና የስልክ ቁጥርም እንዲሁ አንድ በአንድ።

*ፎቅ።* ጂ+4 ሕንፃ ላይ አንዱ ግራውንዱን «አንደኛ ፎቅ» ብሎ ይቆጥራል፤ ሌላው ከግራውንድ በላይ ያለውን። «ምድር ቤት» ደግሞ ለአንዱ ግራውንድ ነው፣ ለሌላው ከመሬት በታች ያለው። ሁልጊዜ «ቤዝመንት»፣ «ግራውንድ»፣ «ከግራውንድ በላይ ሁለተኛ» በሉ።

*ግራና ቀኝ።* ውስጥ ያለ ሰው ዞሮ ቆሟልና የእሱ ግራ የናንተ ቀኝ ነው። በዋናው መንገድ በኩል ቆማችሁ ሕንፃውን ፊት ለፊት እዩት። ፊቱ 1፣ ግራው 2፣ ጀርባው 3፣ ቀኙ 4 ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ በእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኛነት ለምትሠሩ ይህ እዚያ የሕንፃ ጎኖች ከሚጠሩባቸው ከአልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ ጋር በቅደም ተከተሉ ይገጥማል።

*ሰዓት።* «ስምንት ሰዓት» የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? መዝገቡ በአንዱ ብቻ ይያዝ፤ የትኛው እንደሆነም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ኮምፒውተሩ 20:00 ሲል ሬዲዮው «ከምሽቱ ሁለት» ካለ ሪፖርት ሲጻፍ የስድስት ሰዓት ስህተት ይገባል።

*«እሺ»።* ሰማሁ ማለት ነው? እሠራዋለሁ ማለት ነው? ወይስ ዝም በል? በሬዲዮ ከልክሉት። ለሰማችሁት «ተቀብያለሁ»፣ ለምትፈጽሙት የታዘዛችሁትን ደግማችሁ «እፈጽማለሁ» በሉ።

*ኮድ።* ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ስትሠሩ በቁጥር ኮድ አትነጋገሩ። ቀይ መስቀልና ፖሊስ የናንተን ኮድ አያውቁም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ብዙ ተቋማት በሚሳተፉበት አደጋ ላይ ግልጽ ቋንቋ መጠቀምን ለፌዴራል ድጋፍ ቅድመ ሁኔታ ያደረገችው በዚሁ ምክንያት ነው።

*ሞት።* መርዶ በሬዲዮ አይነገርም። መኪናው አጠገብ የቆመው ሰው የሟች ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ክፍት ነው። «ማዕከል፣ በስልክ እደውላለሁ» በሉና በስልክ ንገሩ። የተጎጂን ስምም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ የቡድኑን ሁኔታ ማሳወቅ

የሚናገረው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ኃላፊ ነው። ሹፌሩ ማይክ አይነካም።

1. *ጥሪ ተቀብለናል።* አድራሻውን መልሳችሁ አንብቡ። ቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር ምልክቱንና በየት በኩል እንደሚገባ ድገሙ።

2. *ወጥተናል።* ጎማው ሲንቀሳቀስ እንጂ ጫማ ሲታሰር አይደለም። የሰው ብዛትና የውኃ መጠን አብሮ ይነገር፦ «ቦሌ 2 ወጥተናል፣ አምስት ሰው፣ ቦቴው ሙሉ ነው»።

3. *ደርሰናል።* ጎማው ሲቆም። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሆኖ «ደርሰናል» ማለት መዝገቡን ያበላሻል። መንገድ ከተዘጋ ወይም ሕዝብ ካገዳችሁ «ሰፈሩ ውስጥ ነን፣ መንገድ ተዘግቷል» በሉ። መርካቶን በመሰለ ጠባብ መንገድ ላይ ይህ ልዩነት የሚቀጥለውን መኪና በሌላ በኩል ያስገባዋል።

4. *ሥራ ላይ ነን።* ከዚህ በኋላ ያለፍቃድ ሌላ ጥሪ አይሰጣችሁም።

5. *ተጎጂ ይዘን ወደ ሆስፒታል፤ ሆስፒታል ደርሰናል።* ሁለቱም ለየብቻ ይነገራሉ።

6. *ውኃ ልንሞላ።* ይህ ነው በብዛት የሚረሳው። ከእሳቱ የወጣ ቦቴ ከሩቅ ሲታይ ነፃ ይመስላል፤ ታንኩ ግን ባዶ ነው። ወዴት ለመሙላት እንደምትሄዱ ተናገሩ። ስትጨርሱ «ሞልተናል» በሉ።

7. *ነፃ ነን።* ነፃነቱ ሙሉ ካልሆነ ጉድለቱ አብሮ ይነገር፦ «ነፃ ነን፣ ግን የአየር ሲሊንደር የቀረን ሁለት ነው»። እንዲህ ያለ ቡድን ለመኪና አደጋ ሊላክ ይችላል፤ ለሕንፃ እሳት ግን ሌላ ይፈለጋል።

8. *ጣቢያ ገብተናል* ወይም *ከአገልግሎት ውጪ ነን።* ከአገልግሎት ውጪ ከሆናችሁ ምክንያቱንና የሚፈጀውን ጊዜ ጨምሩ።

በመኪናው ውስጥ የሁኔታ ቁልፍ ያለው ስክሪን ካለ ጫኑና ስክሪኑ መቀየሩን በዓይናችሁ እዩ። ኔትወርክ ከሌለ ጫንኩት ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ማዕከሉ ዘንድ ግን አሁንም ጣቢያ ናችሁ። ካልተቀየረ በድምፅ ንገሩ።

*ከረሳችሁ፦* እውነተኛውን ሰዓት ንገሩ። «የደረስነው ከአራት ደቂቃ በፊት ነው፣ መዝግብልን።» አሁን የደረሳችሁ አታስመስሉ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ የደረሰ ቡድን ሪፖርት

ከመኪና ሳትወርዱ፣ ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፦ ምን ዓይነት ሕንፃ፣ ምን ይታያል፣ ምን ልታደርጉ ነው፣ ምን ያስፈልጋል፣ አዛዡ ማን ነው።

«ማዕከል፣ ቦሌ 2። ደርሰናል። ጂ+4 የንግድ ሕንፃ። ከግራውንድ በላይ ሁለተኛ፣ በፊት በኩል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሰው ውስጥ መኖሩ ገና እየተጣራ ነው። በደረጃ ቱቦ ይዘን እንገባለን። አንድ ቦቴና አንድ አምቡላንስ ጨምሩ። መብራት ኃይል መስመሩን ይቁረጥ። አዛዡ የቦሌ 2 ኃላፊ ነው።»

«ከባድ እሳት ነው፣ ድረሱልን» ሪፖርት አይደለም። ያያችሁትን ንገሩ። ሕንፃውን ዞራችሁ ካያችሁ በኋላ የጀርባውን ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ እሳቱ ላይ እያላችሁ

ሪፖርት በየ10 ደቂቃው ይሁን፦ ያለው ሁኔታ፣ እየተሠራ ያለው፣ የሚያስፈልገው። ማዕከሉ ሰዓቱን ይጥራ፦ «ቦሌ 2፣ ሃያ ደቂቃ ሞልቷል።» ሥራ ላይ ያለ ሰው ጊዜ አያውቅም።

የሰው ቆጠራ ሲጠየቅ «ሁላችንም አለን» አይበቃም። ኃላፊው በዓይኑ አይቶ ወይም በእጁ ነክቶ ቁጥሩንና ቦታውን ይናገር፦ «ቡድን 1፣ አራት ሰው፣ ደረጃው ላይ»።

ቤዝመንት ወይም ወፍራም ኮንክሪት ውስጥ ስትገቡ ሪፒተሩ ላይደርሳችሁ ይችላል። ያኔ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ በሚሄደው ቀጥታ ቻናል ሥሩ። በዚህ ቻናል ማዕከሉ አይሰማችሁም። ስለዚህ በር ላይ ሁለት ሬዲዮ የያዘ ሰው ይቁም፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ማዕከል። ይህ ሰው ሳይቆም ቻናል መቀየር አደገኛ ነው።

ደረጃ 6፦ ሜይዴይ

ሜይዴይ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ራሱ አደጋ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው የድረሱልኝ ጥሪ ነው። መቼ? ስትጠፉ፣ ስትያዙ፣ ሲናድባችሁ፣ ጓደኛችሁ ሲጠፋ፣ አየር ሲያጥራችሁ። «ትንሽ ልሞክር» አትበሉ። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ የመተንፈሻ መሣሪያ ፊሽካው የሚጮኸው የሲሊንደሩ የአየር ግፊት 55 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። መውጫውን ሳታውቁ ያ ፊሽካ ከጮኸ ጊዜው አጭር ነው። ከዚያ በፊት ጥሩ።

1. «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ» በሉ። ሬዲዮው የአደጋ ቁልፍ ካለው እሱንም ጫኑ።
2. ባላችሁበት ቻናል ቆዩ። ውስጥ ሆናችሁ ቻናል ከቀየራችሁ የሚሰማችሁ ሊጠፋ ይችላል።
3. ቦታውን አስቀድሙ፤ ከዚያ ማን፣ ምን ሆነ፣ አየር ስንት፣ ምን ያስፈልጋል። «ከግራውንድ በላይ ሦስተኛ፣ ጎን 3 አካባቢ። ቡድን 2፣ ሁለት ሰው። ጣሪያ ወድቆብናል። አየር ሰማንያ፣ ስምንት ዜሮ ባር። መሰላል በመስኮት።»
4. መልሱን ከሰማችሁ በኋላ የድንገተኛ ጩኸት መሣሪያችሁን አብሩ። ቀድማችሁ ካበራችሁት ጩኸቱ ድምፃችሁን ይውጠዋል።
5. ተኝታችሁ፣ ትንፋሽ ቆጥባችሁ፣ የምታዩትንና የምትሰሙትን ንገሩ። መስኮት? ማሽን? ቱቦ? ቱቦ ካገኛችሁ ይዛችሁት ተከተሉ።

ቦታው የሚቀድመው መልእክቱ ቢቆረጥ እንኳ የት እንደምትፈለጉ እንዲታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 በማሳቹሴትስ ዎርሴስተር ከተማ መስኮት አልባ በሆነ የቀዝቃዛ መጋዘን ቃጠሎ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጠፍተው በሬዲዮ ድረሱልን አሉ። ሊፈልጓቸው ከገቡት አራቱ አብረው ሞቱ።

*የቀራችሁት፦* ከሬዲዮ ውረዱ፤ ዝም በሉ። ሥራችሁን ሳትታዘዙ አትተዉ፤ እሳቱ ካደገ የጠፉትን ይገድላል። *አዛዡ፦* መልእክቱን መልሶ ያንብብ፣ አዳኝ ቡድኑን ያስገባ፣ ሌላውን ሁሉ ይቁጠር፣ ማዕከሉ ተጨማሪ ኃይል እንዲልክ ያዝዝ።

ደረጃ 7፦ ሲበላሽ

*ቻናሉ በአንድ ሰው ተይዞ ሲቀር።* ትንፋሽ ወይም የሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማል። የማን ማይክ እንደሆነ አይታወቅም። «ማይክህን ልቀቅ» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም። ማይኩ የተጫነበት ሬዲዮ እያስተላለፈ ስለሆነ አይቀበልም፤ ጥፋተኛው ብቻ ነው የማይሰማው። እያንዳንዱ ኃላፊ የሰዎቹን ሬዲዮ በአካል ሄዶ ይይ፤ ቀዩ የማስተላለፊያ መብራት የበራበት እሱ ነው። ከሁሉ በፊት የመኪናዎቹን ወንበር እዩ፤ ማይክ በወንበርና በበር መሐል ተጨምቆ ይቀራል። እስኪገኝ ሁሉም አስቀድሞ ወደተስማማችሁበት ተጠባባቂ ቻናል ይሂድ። ውስጥ ያሉት ወሬውን ስለማይሰሙ ሰው ይላክባቸው።

*ሁለት ሰው እኩል ሲናገር።* ማዕከሉ «ሁለት ጥሪ ነው፣ ቦሌ 2 ቅደም፣ ሌላው ቆይ» ይበል። ያልተጠራው ይጠብቅ።

*ማዕከሉ አልመልስ ሲል።* ሁለቴ ጥሩ። ጥቂት እርምጃ ተራመዱ፤ መስኮት ወይም ክፍት ቦታ ፈልጉ። ቀጥሎ በመኪናው ሬዲዮ ሞክሩ፤ ኃይሉ ከእጅ ሬዲዮው ይበልጣል። ከዚያ በሌላ ቡድን በኩል አስተላልፉ። ስልክ የመጨረሻው ነው። የማዕከሉ ቁጥር በወረቀት መኪናው ውስጥ ይለጠፍ።

*ሪፒተሩ ሲወድቅ።* ማዕከሉ ከጠፋና ሁሉም ጣቢያ ዝም ካለ ወደ ቀጥታ ቻናል ሂዱ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ አንድ መኪና መሐል ሆኖ ያስተላልፍ። ይህን በሰላሙ ቀን ተለማመዱት።

*ባትሪ ሲሞት።* ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ውስጥ ካላችሁ ወዲያው ለጓደኛችሁ ንገሩ፤ አብራችሁ ውጡ። ሬዲዮ የሌለው ሰው ብቻውን ውስጥ አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ስትመለሱ

ሰዓቶቹን ከማዕከሉ ጋር አስታርቁ፦ ጥሪ፣ መውጣት፣ መድረስ፣ ነፃ መሆን። ልዩነት ካለ ዛሬውኑ ይታረም፤ በሳምንቱ ማንም አያስታውሰውም።

የረጠበ ማይክ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ይድረቅ። ባትሪው ይቀየር። የተበላሸ ሬዲዮ ላይ «አይሠራም» ብሎ መጻፍ ለጥገና ባለሙያው አይረዳም። ምን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጻፉ፦ «ቻናል 3 ላይ ያስተላልፋል፣ አይቀበልም፤ ከዝናብ በኋላ ጀመረ»። ወረቀቱን ሬዲዮው ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ ከሚሠሩት ጋር ቻርጀር ላይ አትመልሱት።